ለካርታውም አባት ይቆጠርለት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ጋዜጣችሁ እኔ እጅ የሚገባው ከወጣ ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ስለሆነ ደብዳቤዬ ቢዘገይ አትፍረዱብኝ። ስለ አሮጌ ዕቃ ገበያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ማርያ ቴሬዛ ብሩም፣ ስለ ጎራዴውም፣ ስለ ግራሞፎኑም የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ምንም አልልም። አንዷ ፎቶ ግን አናደደችኝ። በመስታወት የታሰረ የጣሊያን ጦር ካርታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ደግሞ «ጎጃም፣ የጣሊያን ዘመን፤ ከአንድ ግለሰብ የተገኘ» ይላል።

ከአንድ ግለሰብ! ግለሰቡ ማን ነው? ካርታው እጁ የገባው ማርኮ ነው፣ ገዝቶ ነው ወይስ ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደ ቢሮ ውስጥ አግኝቶ? ዋጋውን እስከ ሳንቲሙ ጻፋችሁ፤ የመጣበትን ግን በሁለት ቃል ዘለላችሁት።

በእኛ አገር መሬት ለአራሹ ከመታወጁ በፊት ርስት ይገባኛል የሚል ሰው አባት ይቆጥር ነበር። ሽማግሌ ፊት ቆሞ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይወጣል። መሃል ላይ አንድ ስም ቢስት አለቀለት፤ መሬቱን ሌላው ይወስደዋል። «ከአንድ ሰው ነው የወረስኩት» ያለ ተከራካሪ ቢኖር ኖሮ ሽማግሌዎቹ በሳቅ ይሞቱ ነበር። እናንተ ግን ለካርታው ይህንኑ ነው የጻፋችሁለት።

እንዲህ የምቆጣው ልክ እንደዚያው ያለ ካርታ እኔም ቤት ስላለ ነው። አለ ከማለት ነበረ ብል ሳይሻል አይቀርም፤ ወደ ጉዱ እመጣለሁ። በነገራችን ላይ ካርታ አለኝ ስል እዚህ ሰፈር ሰው የሚመስለው የቤት ካርታ ነው። ጎረቤቴ «ስንት ካሬ?» አለኝ። የጣሊያን ነው ብለው «ጣሊያን አገርም ቦታ ገዛህ እንዴ!» ብሎ አሾፈብኝ።

አያቴ አርበኛ ነበሩ። እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ወይም እንደ በላይ ዘለቀ ስማቸው የሚጠራ አልነበሩም፤ ከኋላ ከሚከተለው ሕዝብ አንዱ ናቸው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ገቡ። ዊንጌት የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን የሚመራው የጌድዮን ጦር በበላያ ተራራ አድርጎ ወደ ቡሬ ተጠጋ። መደበኛ ወታደሩ ሁለት ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ስንቅና ጥይት የጫኑት ግመሎች ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ደጋውን ሳይለምዱት መንገድ ላይ አለቁ። ጣሊያን ቡሬን የካቲት 25 ቀን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። አያቴ ምሽጉ ውስጥ የገቡት በማግስቱ ነው።

የገቡት ጠመንጃ ፍለጋ ነበር። ጠመንጃውን ሌሎች ቀድመው ወስደውታል። ያገኙት ከጀርባው ጨርቅ የተለጠፈበት፣ ስምንት ቦታ የታጠፈ ትልቅ ወረቀት ነው። ለምን ወሰዱት ብትሉኝ ለጨርቁ ነው። አምስት ዓመት ዱር ለከረመ ሰው ጨርቅ ቀላል ነገር አይደለም። ካርታ መሆኑን ያወቁት ሱዳን ደርሶ የመጣ አንድ ጓደኛቸው ሲነግራቸው ነው ይባላል። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት የዳዊታቸው መጠቅለያ ሆኖ ኖረ። እኔ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው የጭስና የዕጣን ሽታውን ነው።

አያቴ ፊደል ቢያነቡም መጻፍ አይሆንላቸውም ነበር። የደብሩ መሪጌታ ጨርቁ ላይ በኮፒያ እርሳስ «ይህ ከቡሬ ምሽግ የካቲት ፳፮ ቀን የወጣ» ብለው ጻፉላቸው። አንዲት መስመር ናት። እኔ ጡረታ ወጥቼ ማንበብ እስክጀምር ድረስ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት አልገባኝም ነበር። ጣሊያን ቡሬን የለቀቀበትን ቀን መጽሐፍ ላይ ሳገኘው የካቲት 25 ይላል። የአያቴ ጽሑፍ ደግሞ የማግስቱን፣ ፳፮ን ይላል፤ ገጠመ። የዚያን ዕለት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ሚስቴ ምን ነካህ አለችኝ።

አሁን ወደ ጉዱ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ካርታው እጥፋቱ ላይ መሰንጠቅ ጀመረ። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ላሚኔት ላስደርገው ብዬ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። ልጁ አየው፣ ለካው፣ «ጋሼ፣ ማሽኑ ከኤ ስሪ በላይ አይቀበልም፤ ለአራት እንክፈለው፣ ዳር ዳሩንም እናስተካክለው» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እስኬልና የምልክት መፍቻ የሌለው ካርታ ካርታ አይደለም እያልኩ ስንቱን ልጅ ያስለቀስኩ! እሺ አልኩ። ልጁ ላይ አልፈርድም፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። እዚያው ቆሜ፣ ማኪያቶ እየጠጣሁ፣ በመቁረጫው ዳሩን ጠረገው።

ሲወድቅ ያየሁት ነጭ ወረቀት ብቻ ነበር። ግን በጦር ካርታ ላይ ዳሩ ማለት መታወቂያው ነው። ማን እንዳተመው፣ የት፣ መቼ፣ ስንተኛ ሉህ እንደሆነ፣ ከየትኛው ልኬት ተወስዶ እንደተሠራ የሚጻፈው እዚያ ነው። ትዝ ብሎኝ በማግስቱ ስሄድ ቁርጥራጩን ጠርገው ጥለውታል። የተረፈችው የታችኛዋ ቀኝ ጥግ ናት፤ እሷም ዳሩ ጠማማ ስለነበር ነው። ላይዋ ላይ «ሬንዜ» የሚል የቃል ጭራና ከጎኑ የሮማ ቁጥር 15 አለ። የኮፒያው ጽሑፍ ደግሞ በማሽኑ ሙቀት ወዝቶ ሐምራዊ እድፍ ሆነ። ደግነቱ ከዚያ በፊት በስልኬ ፎቶ አንሥቼዋለሁ። ለልጄ ላሳያት ብዬ እንጂ አስቤበትም አይደለም።

እስቲ ከዚያች ጥግ ምን እንደወጣ ልንገራችሁ። «ሬንዜ» የፊሬንዜ ጭራ ነው፤ እኛ ፍሎረንስ የምንላት ከተማ። የጣሊያን ጦር ጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት መቀመጫው እዚያ ነው፤ እስካሁንም አለ። ቁጥሩ ደግሞ የፋሽስቶች ዓመት ነው። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 1922 ጀምረው ለራሳቸው ዓመት ይቆጥሩ ነበር። 15ኛው ዓመት በእኛ ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ነው። ካርታው ላይ ዓመት አልተጻፈም የምትሉ ሰዎች የሮማ ቁጥር ፈልጉ። ብዙዎቻችን የገጽ ቁጥር እየመሰለን እናልፈዋለን።

አንባቢ ቤቱ ያለውን ካርታ ራሱ እንዲለይ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። የጣሊያኑ ካርታ ላይ ማርቆስን ሲጽፉ «ቆ»ን በ«ሲ» ነው፤ እንግሊዞቹ በ«ኬ» ይጽፉታል። ጎጃምን ጣሊያን ሁለት «ጂ» ደርቦ ነው የሚጽፈው። የእንግሊዝ ጦር ካርታ ዳር ላይ ጂ.ኤስ.ጂ.ኤስ. የሚሉ አራት ፊደላትና ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የጦር መሥሪያ ቤታቸው የጂኦግራፊ ክፍል ማለት ነው። አንዳንዴ ሁለቱም ይገኛል፤ የእንግሊዝ ማኅተም ያለበት የጣሊያን ካርታ ማለት ነው። እሱ አይግረማችሁ። የተማረከ ካርታ እንደገና ታትሞ ለማራኪው ጦር ይታደል ነበር። ሌላም ልብ በሉ። ፍኖተ ሰላም ያኔ ወጀት ነበር ስሟ። «የጣሊያን ዘመን ነው» የተባለ ካርታ ላይ ፍኖተ ሰላም የሚል ካያችሁ ሻጩን ትንሽ ፈገግ ብላችሁ እዩት። አጉሊ መነጽር ያለው ሰውም መስመሮቹን ይመልከት፤ የዱሮው ኅትመት መስመሩ ድፍን ነው፣ ዛሬ በኮምፒዩተር ተባዝቶ በሻይ የተነከረው ግን ነጠብጣብ ነው። በሻይ የሚነክሩ አሉ፤ አትሳቁ።

ካርታና ጦርነት ሲነሣ ዓድዋን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ለየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አጥቢያ፣ በሌሊት የጣሊያን ጦር በሦስት ክፍል ሲንቀሳቀስ ጄኔራሎቹ እጅ ላይ የነበረው በእጅ የተነደፈ ንድፍ ነው። ንድፉ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» የሚል ስም አንድ ኮረብታ ላይ ተጽፏል። ጄኔራል አልበርቶኔ እዚያ ደርሶ ቆመ። አብረውት የነበሩት መንገድ መሪዎች ኪዳነ ምሕረት ይህ አይደለም፣ እውነተኛው ከፊት ነው አሉት። ሰማቸውና ቀጠለ። ሌሎቹን ብርጌዶች ብዙ ኪሎሜትር ትቶ፣ ብቻውን፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት መሃል ገባ። ስሙ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ውጊያው በዚያ መልክ አይጀመርም ነበር። የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ከጎጃም ጦራቸው ጋር እዚያ ነበሩ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነበር፤ ስም ቦታውን ሲስት ሰው ይሞታል።

ጣሊያን ከዚያ በኋላ ካርታውን ችላ አላለም። በ1928ቱ ወረራ ጊዜ ከላይ በአውሮፕላን ፎቶ ያነሣ ነበር። እነዚህ ፎቶዎች ጠፍተዋል ሲባሉ ኖረው አዲስ አበባ በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ግምጃ ቤት ተገኙ። በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ከ8,000 በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ ቀጥ ብሎ ከላይ የተነሣ፣ ከጎንና ከጎኑ ደግሞ አጋድመው የተነሡ ፎቶዎች አሉ። የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከእኛ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ብዙ ደክመውባቸዋል። አባይን ተሻግሮ በደቡብ ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1938 የተነሡትን ፎቶዎች ከዛሬው ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች የአብያተ ክርስቲያናቱ ደን ስፋት ብዙም እንዳልተለወጠ፣ በዙሪያው የነበረው ቁጥቋጦ ግን እንዳለቀ አሳይተዋል። ለጦር ካርታ የተነሣ ፎቶ ዛሬ ዛፍ ይቆጠርበታል። ይህ የተቻለው ግን ሰሌዳዎቹ ላይ ምልክትና ቁጥር ስለተለጠፈባቸው ነው። መለያው ቢቀደድ ኖሮ የየት አገር ተራራ መሆኑን ማን ያውቃል?

ከጣሊያን በፊትም ጎጃምን ሲለካ የኖረ ሰው ነበር። ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ሆኖ ከእ.ኤ.አ. 1925 እስከ 1934 የተቀመጠው ሻለቃ ቺዝማን ነው። ወፍ ወዳድ ሰው ነበር። ጣናን ዙሪያውን ዞሮ፣ የአባይንም ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ተከትሎ ካርታ ነደፈ። ስድስት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ካርቱም ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ የስለላ መረጃ የሚያቀናጅ እሱ ሆነ። የዳንግላ ሰው፣ ሰውየው ወፍ እያየ ነው ብሎ ኑግና ጠላ ሲያቀርብለት፣ እሱ የሰበሰበው እውቀት ከዓመታት በኋላ ለጦር ዋለ። እንግዲህ ጣሊያንን ለማስወጣት ዋለ፤ አልቀየምም። ግን ካርታ እጁ የገባ ሰው ይህ ወረቀት መጀመሪያ ለምን ተሠራ ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያስተምራል።

አሁን ስለ ባለቤትነት። የሕግ ነገር የሚያውቅ አንድ ወዳጄ አስደነገጠኝ። በጦር ሕግ መሠረት ከጠላት ሠራዊት የተማረከ ዕቃ የማራኪው መንግሥት እንጂ የማራኪው ወታደር አይደለም አለኝ። ስለዚህ አያትህ ካርታውን ለመንግሥት ማስረከብ ነበረባቸው ማለቱ ነው። ሳስበው ሳቄ መጣ። የካቲት 26 ቀን 1933 ቡሬ ላይ ለማን ያስረክቡ? መንግሥት ራሱ ገና በግመል መንገድ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ የደረሰው መጋቢት 28 ነው። ቢሆንም ነገሩን እንደ ቀልድ አላየሁትም። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በመስታወት አሳስሮ በሻንጣ ይዞ የሚበር ቱሪስት ግን ይህን የነገረው ያለ አይመስለኝም። ጽሑፋችሁም አልነገረውም።

እና ሁለቱን አናምታታ። ከእኛ የተወሰደ አለ፣ እኛ የወሰድነው አለ። በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37 ጣሊያን ከመስከረም 1928 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወሰደውን የጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ዕቃ፣ መዝገብና ታሪካዊ ዕቃ በ18 ወር ውስጥ እንዲመልስ ተጽፏል። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ነው። አስራ ስምንት ወር! መቅደላንም አስቡት። ሚያዝያ 1860 ላይ የእንግሊዝ ጦር የቴዎድሮስን ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ሸጠው። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬ ለንደን ናቸው። የሚያናድደው ግን ምን መሰላችሁ? ብዙዎቹ ላይ «ከመቅደላ» ብለው ጽፈውባቸዋል። ዘራፊው ከየት እንደዘረፈ መዝግቧል። ስለዚህ ዛሬ መልሱ ስንል ጣታችንን የምንጠቁምበት አለን። እኛ ደማችንን አፍስሰን የማረክነው ላይ ግን «ከአንድ ግለሰብ» እንላለን።

ስለዚህ አዘጋጁን የምለምነው ይህን ነው። ጽሑፉን የጻፈው ልጅ ወደ ሻጩ ይመለስና ሁለት ጥያቄ ይጠይቅልኝ። ከማን ገዛህ፣ የሸጠልህስ ከማን አገኘው? ሻጩ አልናገርም ካለ እሱንም ጻፉት። አልናገርም ማለትም መልስ ነው።

ለአንባቢዎች ደግሞ፣ በተለይ ለቡሬ፣ ለደምበጫ፣ ለዳንግላ፣ ለሞጣና ለቢቸና ሰዎች። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ በጋዜጣ መሃል የተለጠፈ ካለ አትላጡት፤ እንዳለ ፎቶ አንሡት። ሳጥን ሥር የታጠፈ ካለ ዘርጉትና ከፀሐይና ከጭስ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ስኮች አትለጥፉበት፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይበጫል፣ ወረቀቱንም ይዞት ይሄዳል። ላሚኔት የሚባለውን ነገር ደግሞ እኔ ከፍያለሁላችሁ፤ ይብቃ። ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አንሡ፤ ከሁሉም በላይ ዳሩን። አንድ ሰው ቀለም ነክሮ ወይም በእርሳስ የጫረበት ካለ ቆሻሻ ነው ብላችሁ በላጲስ አትንኩት። የእኔው ላይ ከቡሬ እስከ ማርቆስ የተሰመረ ሰማያዊ መስመርና ሁለት ቀይ ክብ አለ፤ አያቴ ደግሞ ባለቀለም እርሳስ አልነበራቸውም። የጣሊያን መኮንን እጅ ነው እዚያ ያለው። ዋናው ግን ይህ ነው፦ አሁኑኑ፣ ነገ ሳይሆን፣ የቤቱን ትልቅ ሰው አስቀምጣችሁ ካርታው እንዴት እንደመጣ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። ማን አመጣው፣ ከየት፣ ከዚያ ማን እጅ ገባ፣ ከዚያስ። አባት ቁጠሩለት። የቆጠረውም ሰው ስሙን ይፈርምበት።

እኔም ይህንኑ ላደርግ ነው አክስቴ ጋ የሄድኩት። ከአያቴ ልጆች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል፣ ጆሮአቸው ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ልባቸው ብሩህ ነው። የሄድኩበት ምክንያት ደግሞ አንድ ደላላ ነው። ባለፈው ክረምት ቤቴ መጣ። የተቆራረጠውን ካርታ አይቶ ፊቱን አኮማተረ፤ በኋላ መሃሉ ላይ ያለችውን ክብ ቀዳዳ ሲያይ ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ ይቺ የጥይት ናት አይደል? የጥይት ከሆነች ዋጋው እጥፍ ነው» አለኝ።

እውነት ነው፣ እኛ ቤት ያቺ ቀዳዳ የጥይት ናት። ልጆች ሆነን የሰማነው እንደዚያ ነው። አያቴ ካርታውን ደረታቸው ላይ ሸጉጠውት ነበር፣ ደምበጫ ላይ የተተኮሰ ጥይት እሱ ላይ ደርሶ ቀዘቀዘ፣ ካርታው ባይኖር ኖሮ እኛም አንኖርም። ወንድሜ ይህን በየሠርጉ ነው የሚያወራው። እኔም ለተማሪዎቼ አውርቼዋለሁ፤ አልዋሽም።

ደላላው ከሄደ በኋላ አራቱን ቁራጮች ገጣጥሜ አየኋቸው። ካርታው ስምንት ቦታ ይታጠፍ ነበር ብያችኋለሁ። ታጥፎ ደረት ላይ የተቀመጠ ወረቀት ጥይት ቢበሳው ቀዳዳው በየእጥፋቱ ይደገማል። ይህ ግን አንድ ብቻ ነው። ዳሩም ቡናማ ነው። የተቀደደ አይመስልም፣ የተጠበሰ ይመስላል። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀዝቀዝ አለብኝ።

ለአክስቴ ቀዳዳውን አሳየኋቸው። ጠጋ አድርገው አዩት፤ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ሳቁ።

«የቡና ፍም ነው፣ ልጄ። እኔ ነኝ የጣልኩበት። አባቴ ዳዊቱን ደግመው ካርታውን ዘርግተውት ለጎረቤት እያሳዩ ነበር፤ እሳት ጫሪ ተብዬ ስመጣ ፍሙ ከእጄ አመለጠ። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው።»

«አያቴስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ። በሳምንቱ ሌላ እንግዳ መጥቶ ‹ይቺ የጥይት ናት?› ሲላቸው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።»

ጻፍኩት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናገሩትን ቃል በቃል። «የእርስዎን ስም ልተወው እንዴ?» ብላቸው ተቆጡ። «ለምን ትተወዋለህ? ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ይጻፍ» ብለው ፈረሙበት። ወንድሜ ወሬውን ከሰማ ወዲህ አኩርፎኛል፤ የአያታችንን ጥይት ወሰድክባቸው ይለኛል። ደላላው ደግሞ ደውሎ ዋጋውን በግማሽ አወረደው። ድሮም አልሸጥለትም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
ካርታውን ያስቆረጠው ጡረተኛ መምህር
ከደብረ ማርቆስ